«ኮኤ ኖ ካታቺ» የፍቅር ማንጋ ነው ወይስ የዕዳ? (ስፖይለር ሞልቶታል)

መነሻ ፖስት (የኔው)

ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው እዚሁ አንድ ልጅ የፍቅር ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ጠቁሙኝ፣ ግን መሳሳምና መኮራረፍ ብቻ ያልሆነ፣ ሰው ለምን እንደሚኖር ቁጭ ብሎ የሚያስብበት ይሁንልኝ ብሎ ሲጠይቅ ግማሹ ሰው ተሽቀዳድሞ «ኮኤ ኖ ካታቺ»ን ጠቆመው። ኦኢማ ዮሺቶኪ የምትባለዋ ደራሲ የሠራችውን ማለቴ ነው፣ ስሙ «የድምፅ ቅርጽ» እንደማለት ነው። እኔ ሰባቱንም ቅጽ ሁለቴ ጨርሼዋለሁ፣ ስወደው ደግሞ ለጉድ ነው፣ ግን የፍቅር ማንጋ ነው ሲባል አልዋጥልኝ አለ።

ላላነበባችሁ ባጭሩ፦ ኢሺዳ ሾያ የሚባል ቀበጥ ልጅ 6ኛ ክፍል እያለ መስማት የተሳናት ኒሺሚያ ሾኮ ክፍላቸው ትገባለች። ይቀልድባታል፣ ያሰቃያታል፣ የመስሚያ መሣሪያዋን እየነጠቀ ይጥላል፣ በ5 ወር 8 መሣሪያ። ሲደመር 1.7 ሚሊዮን የን። እናቱ ፀጉር ቤት ያላት ሴት ናት፣ ከባንክ አውጥታ ከፈለች። አብሮት ሲስቅ የነበረው ክፍል ደግሞ ጣቱን እሱ ላይ ቀሰረና ከዚያ በኋላ ተረኛው እሱ ሆነ። ሃይስኩል 3ኛ ዓመት ሲደርስ ሰው ፊት ቀና ብሎ ማየት አይችልም፣ ኦኢማ የሁሉንም ሰው ፊት ላይ ትልቅ ኤክስ ለጥፋ ነው የምትስለው። ሠርቶ፣ ዕቃውን ሸጦ፣ 1.7 ሚሊዮኑን ሞልቶ የተኛች እናቱ ራስጌ ያስቀምጥና ሾኮን ይቅርታ ጠይቆ ሕይወቱን ሊያበቃ ይነሳል።

ሂሳብ ነው ኮ ይሄ። ልጁ ራሱን ወደ ብር ቀይሮ ዕዳ ከፍሎ መሰናበት ነው የፈለገው። እናቱም ደርሳበት ብሩን በንዴት አቃጠለችው፣ ያንተ ነፍስ በገንዘብ አይተመንም ለማለት። መጽሐፉ ከዚህ በኋላ የሚያወራው ያለ ዕዳ እንዴት ይኖራል የሚለውን ነው። መሳሳም የለ፣ ፍቅረኛሞች ሆኑ የለ። ታዲያ ፍቅሩ የቱ ጋ ነው? አስረዱኝ።

ይህን ለጥፌ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ስልኬ በኖቲፊኬሽን ሊፈነዳ ነው። ክሩ አሁን በጣም ስለረዘመ አዲስ የምትገቡ ሰዎች ከላይ እስከ ታች ከምትወርዱ ብዬ ማን ምን እንዳለ እንደገባኝ ልተርክላችሁ። አድሎ ካያችሁብኝ አለብኝ፣ የክሩ ባለቤት ነኝ።

መልስ 1 በጣም ጨዋ ሰው ነው፣ ሰላምታው ብቻ ሁለት መስመር ይሆናል። ከኔ ጋ ተስማማና ማስረጃ ጨመረልኝ፤ ማንጋው ከነሐሴ 2013 እስከ ኅዳር 2014 በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣው «ሳምንታዊ ሾነን ማጋዚን» ላይ እንደሆነ፣ ይሄ ደግሞ ለወንድ ልጆች የሚታተም መጽሔት ስለሆነ ጃፓኖቹ ራሳቸው ከፍቅር መደርደሪያ እንዳላስቀመጡት አስረዳ። 62 ቻፕተር ሙሉ አንድ ያለቀለት የፍቅር ትዕይንት ብትፈልግ አታገኝም ነው የሚለው። እዚህ ድረስ ደስ ብሎኛል።

መልስ 2 ደስታዬን አሳጠረው። እናትየው ብሩን በንዴት አላቃጠለችም አለችኝ፣ ቁርስ ሰዓት ላይ ላይተር ይዛ ዳግመኛ ራስህን ለማጥፋት እንዳታስብ ቃል ግባልኝ፣ ካልሆነ አቃጥለዋለሁ እያለች ነው ያስፈራራችው፣ ልጁ ቃል ገባ፣ ነገሩ አለቀ ሲባል ብሩ በስህተት ተያያዘ። ሄጄ አየሁት። ሴትየዋ ልክ ናት። ሁለት ጊዜ አንብቤ እንዴት እንዳመለጠኝ እንጃ፣ ምናልባት እኔ የፈለግኩት እናት እንድታቃጥለው ይሆናል። እሳት ሲነሳ እናትና ልጅ እኩል ነው የሚደነግጡት። ይሄን ካየሁ በኋላ የፖስቴ ግማሽ ተናደ፣ ዕዳው የተሰረዘው ማንም ሳያስበው ነዋ።

መልስ 3 ፊልሙን ብቻ ነው ያየሁት ብሎ ነው የጀመረው። ያማዳ ናኦኮ የሠራችውን፣ 2016 ኪዮቶ አኒሜሽን ያወጣውን፣ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ የሚፈጀውን። ታናሽ እህቱ ጋ ሆኖ እንዳየውና መሐል ላይ ውሃ ልጠጣ ብሎ ተነስቶ ኪችን ውስጥ እንዳለቀሰ ተናገረ። በሱ አስተያየት ሁለቱ ልጆች እንደሚዋደዱ ለማወቅ መሳሳም የሚጠብቅ ሰው ካለ ችግሩ የሰውየው ነው። እሺ ብያለሁ።

መልስ 4 ላይ ነው ድምፁ ከፍ ማለት የጀመረው። ፊልም ብቻ ያየ ሰው እዚህ ክር ላይ ምን ይሠራል የሚል ነው መንፈሱ። ፊልሙ የሾያ ጓደኛ ናጋትሱካ ፊልም እንሥራ ብሎ ሁሉንም ሰው የሚሰበስብበትን ታሪክ እንዳለ ቆርጦ እንደጣለው፣ መጨረሻውንም እንዳሳጠረው ዘረዘረ። ፊልሙ የሚያልቀው ትምህርት ቤት ባዛር ላይ ኤክሶቹ ከሰው ፊት ሲረግፉ ነው፤ ማንጋው ግን ይቀጥልና ለአቅመ አዳም በዓል ላይ ነው የሚያልቀው፣ ሾኮ ፀጉር ሥራ ልትማር ቶኪዮ ከሄደች በኋላ። የድሮ ክፍል ጓደኞቻቸው ያሉበትን በር ከመክፈቱ በፊት እጇን ይይዛል፣ በቃ። መልስ 4 እዚያ እጅ ላይ ብዙ ጻፈ፣ እውነቱን ለመናገር ጥሩ አድርጎ ነው የጻፈው፣ ስድቡ ባይኖርበት።

መልስ 5 የ3 መልስ ነው። እስካሁን አንተ ሲባባሉ የነበሩት ሰዎች ድንገት እርስዎ ሆኑ። እርስዎ ሁሉን ያነበቡ ሊቅ ስለሆኑ ምናምን እያለ አክብሮ አዋረደው። መልስ 6 ሁለቱንም ለማብረድ ይመስለኛል በጃፓን የአዋቂነት ዕድሜ ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ ከ20 ወደ 18 እንደወረደ፣ ብዙ ከተሞች ግን በዓሉን አሁንም በ20 ዓመት እንደሚያከብሩ ጠቀሰ። ማንም አልሰማውም።

መልስ 7 ላይ ክሩ ዝም አለ። ሪያድ ቤት ሠራተኛ ሆኜ አራት ዓመት ኖሬያለሁ የምትል ልጅ ናት። ስትሄድ እናቷ ለደላላ የሚከፈለውን ከዘመድ ከጎረቤት ተበድረው ነው የላኳት፣ እሷም ከደሞዟ እየቆነጠረች ላከች፣ ደብተር ላይ እየሰረዘች። የመጨረሻዋን የላከች ለታ እናቷ ጋ ደወለችና አለቀ፣ ከፈልኩ አለቻቸው። እናት ያልሰሙ ይመስል የጎረቤት ላም መውለዷን፣ ጥጃው መቆም እንዳቃተው፣ በጠርሙስ እያጠቡት እንደሆነ ያወሩላታል። ስልኩን በንዴት ዘጋችው። ያን ሌሊት ደብተሩን ይዛ ከዚህ በኋላ ምን ልሰርዝ ብላ እንደተቀመጠች፣ ከዕዳው ሌላ የምትነሳበት ምክንያት እንዳልነበራት ያኔ እንደገባት ጻፈች። ሾያ ብሩን ራስጌ አስቀምጦ ሲወጣ ያለውን ፊት አውቀዋለሁ ነው የምትለው። ስለ ፍቅር ምንም አላለችም።

8 እና 9 ልብ ነው የለጠፉት። 10 ጥጃው ተረፈ ወይ ብሎ ጠየቀ። (ተርፏል፣ ኋላ ላይ መጥታ ነግራዋለች።)

መልስ 11 ወደ ጉዳዩ መለሰን፣ ጨረቃዋን አመጣ። ሾኮ ፀጉሯን ወደ ላይ አስራ ሾያ ጋ ትሄድና ሁልጊዜ በእጇና በጽሑፍ የምትግባባው ልጅ ያን ቀን በአፏ ለመናገር ትወስናለች። «ሱኪ» ነው ያለችው፣ እወድሃለሁ ነው። ድምፁ ግን እንዳሰበችው አልወጣላትም፣ ልጁ «ትሱኪ» ብሎ ሰማው፣ ጨረቃ። ቀና ብሎ ሰማይ አየ፣ እውነትም ጨረቃ ወጥታለች፣ ታምራለች ብሎ አረፈው። ልጅቷ ፊቷን ይዛ ሮጠች። መልስ 11 እንግዲህ ይሄ የፍቅር ካልሆነ ፍቅር የሚባል ነገር የለም ብሎ ደመደመ።

12 ደግሞ ናትሱሜ ሶሴኪ የሚባለው ደራሲ እወድሻለሁ የሚለውን ጨረቃዋ ታምራለች ብላችሁ ተርጉሙት ብሎ ተማሪዎቹን አስተምሮ ስለነበር ሾያ ሳያውቀው መልስ ሰጥቷታል አለ። 13 አረመው፤ ወሬው በጃፓን የታወቀ ይሁን እንጂ ሶሴኪ በጻፈው ነገር ውስጥ እንደማይገኝ፣ ኋላ ላይ ሰዎች እንደለጠፉበት አስረዳ። 12 ግን ወሬው ውሸት ቢሆንም አንባቢው ስለሚያውቀው ይሠራል ብሎ ሙግቱን ቀጠለ፣ እዚህ ላይ ከሱ ጋ ነኝ።

መልስ 14 በአነጋገሩ ትልቅ ሰው ይመስለኛል፣ ማንጋ የሚባል ነገር አላነብም፣ ልጄ ስልክ ላይ አይቼ ነው የገባሁት ብለዋል። ቅኔ ቤት የተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ያውቀዋል፣ አንድ ቃል ሁለት ሆኖ ሰሙ ላይ ያለው ሰም ሰምቶ ይሄዳል፣ ወርቁ ላይ ያለው ወርቁን ይዞ ይቀራል የሚል ነው ሐሳባቸው። እዚህ ግን ልጅቷ ወርቁን ገልጣ ስትሰጠው ልጁ ሰሙን ሰማ ብለው አስቀመጡት። ሰሙን ሰማ! ሦስት ቀን ሙሉ ይቺን ሳላምጥ ነው የከረምኩት።

ከዚህ በኋላ መንገዱን ሳትን። 15 ይሄ ነገር በአማርኛ እንዴት ይተረጎማል ብሎ ጠየቀ፣ ጨረቃና እወድሃለሁ በምንም አይገናኙም። አንዱ ጨረቃን ትቶ ጨርቃጨርቅ አለ፣ ሌላው ወደድኩህ ስትለው ወሰድኩህ ብሎ ይስማና ወዴት ይበላት አለ (ይሄኛው መጥፎ አይደለም)። መልስ 18 ላይ ፍቅር ስትል ፍርፍር ብሎ ይሰማል የሚል መጣ፤ እንዲያውም ሁለቱ ልጆች ኦጋኪ ከተማ ሚዶሪ ድልድይ ላይ ቆመው ለዓሣ ዳቦ የሚፈረፍሩ ስለሆነ ልጁ እጁ ላይ ያለውን ፍርፋሪ አይቶ አዎ አልቋል ይላል አለ። ሳቅኩ። አልዋሽም፣ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፣ ጮክ ብዬ ነው የሳቅኩት። ከ19 እስከ 22 ሳቅ ብቻ ነው።

መልስ 23 አልሳቀም። እህቱ መስማት የተሳናት ናት። እሷን የመንደር ልጅ አነጋገሯን እየቀዳ ሲስቅባት ነው ያደገችው፣ መምህር ወደ ሰሌዳ ዞሮ እየጻፈ ሲያወራ የከንፈሩ እንቅስቃሴ እየተደበቀባት ነው የተማረችው፣ የመሣሪያዋ ባትሪ ሲያልቅ ቤተሰቡ የሚይዝ የሚጨብጠውን ነው የሚያጣው። እዚህ ክር ላይ ያላችሁት ሁሉ 6ኛ ክፍል ያለው ሾያ ናችሁ አለን፣ ደግሞ ስቆ ያለፈው ከቀለደው እኩል ነው አለ። እኔን በስም ጠርቶ የክሩ ባለቤት ምን እየሠራ ነው ብሏል። ልክ ነው፣ ታክሲ ውስጥ እየሳቅኩ ነበር።

18 ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ፣ ረጅም ነው፣ ከልቡ ይመስላል። መልስ 25 ግን ቀልዱ የሰማው ልጅ ላይ እንጂ የተናገረችው ልጅ ላይ አይደለም ብሎ ተከራከረ፣ ደደቡ ጨረቃ የሚያየው ሾያ ነው። ከዚያ 23 እና 25 ተያያዙ። ያንን ክፍል አልተርክም፣ ሁለት መልስ ተሰርዟል።

መልስ 28ን ግን አታልፉት። የምልክት ቋንቋ ተማርኩ የሚል ሰው ነው፣ ከማን ጋ እንደወገነ አይታወቅም። የምልክት ቋንቋ ዓለም ላይ አንድ ዓይነት የሚመስላቸው ሰዎች እንዳሉ፣ ሾኮ የምትናገረው የጃፓኑን እንደሆነ፣ ሕፃን እያለች ሾያን ጓደኛ እንሁን ስትለው ሁለት እጇን አጨባብጣ ያሳየችው እዚያ ቋንቋ ውስጥ ጓደኛ ማለት ስለሆነ እንደሆነ አብራራ። የኛው ደግሞ ፊደሉን በጣት ሲጽፍ የእጅ ቅርጹ ለተናባቢው ነው፣ ግዕዝ ካዕብ ሳልስ እያለ እስከ ሳብዕ የሚለየው የእጁ እንቅስቃሴ ነው። በ፣ ቡ፣ ቢ ለማለት እጅህ ያው ሆኖ አካሄዱ ብቻ ይለወጣል። ይሄን አንብቤ እጄን እያየሁ ቆየሁ። ቀጥሎም የመጽሐፉ ርዕስ ላይ ድምፅ የሚለው ቃል በድሮው አጻጻፍ የተጻፈው በከንቱ እንዳልሆነ ነገረን፣ በውስጡ ጆሮም እጅም ስላለበት ነው።

29 እዚህ ላይ ደራሲዋ ራሷ የኦጋኪ ልጅ እንደሆነች፣ እናቷ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንደሆኑ፣ መጀመሪያ የሠራችው አጭሩ ታሪክም የጃፓን መስማት የተሳናቸው ፌዴሬሽን ከተማከረበት በኋላ ነው 2011 ላይ የታተመው አለ። 30 ስለ ኪዮቶ አኒሜሽን አንስቶ ሐምሌ 2019 ስቱዲዮው ተቃጥሎ 36 ሰው እንደሞተ አስታወሰ፣ ከዚያ ወዲህ ፊልሙን ሳይ ስማቸው የሚያልፍበትን መጨረሻውን ሳልዘል ነው የማየው አለ። ከርዕሱ ውጪ ነው ግን ማንም ተው አላለውም።

31 የ6ኛ ክፍል ጓደኛቸውን ኡኤኖን ሊከላከል ነው የመጣው። ጎበዝ፣ ኡኤኖ ሾኮን በግልጽ እጠላሻለሁ ያለቻት ብቸኛዋ ሰው ስለሆነች እንደ እኩያ ያየቻት እሷ ብቻ ናት አለ። አራት ሰው ዘመተበት። እኔ በግሌ ኡኤኖ ሆስፒታል በር ላይ ያደረገችውን አልረሳላትም፣ ግን ክርክሩ ከብዙዎቻችሁ የተሻለ ነው።

አሁን ሐሳቤን የቀየረችው መልስ 36 ናት። አንተ የሾያን ሂሳብ ብቻ ነው የቆጠርከው አለችኝ። ሾኮስ? ዮሮ ፓርክ ሄደው የለ፣ አራካዋና ማድሊን ጊንስ የሚባሉ አርቲስቶች የሠሩት፣ 1995 የተከፈተው፣ መሬቱ ሁሉ ተዳፋት ሆኖ ሰው ቀጥ ብሎ የማይቆምበት። ስሙ ዕጣ ፈንታ የሚገለበጥበት ቦታ እንደማለት ነው። እዚያ ነው ሾኮ እኔ ጋ ስትሆን መከራ ታያለህ የምትለው። እሷም ደብተር ይዛለች፤ ክፍሉ በሷ ምክንያት ተበተነ፣ እናቷ በሷ ምክንያት፣ እሱም በሷ ምክንያት። ርችት የተተኮሰ ምሽት ሰዉን ትታ ቀድማ ወደ ቤት የሄደችውም ሂሳቡን ለመዝጋት ነው። ሾያ ይደርስባታል፣ እሷን አትርፎ ራሱ ይወድቃል። ሁለት ሰው እኩል እኔ ላንተ ኪሳራ ነኝ ብሎ ሲያስብ ማነው የሚከፍለው? ከሆስፒታል ወጥቶ በሌሊት ድልድዩ ላይ ሲያገኛት ታዲያ እወድሻለሁ አላላትም። መኖሩን አግዢኝ ነው ያላት።

እዚህች ቃል ላይ ቆመችበት። ጃፓንኛው «ቴትሱዳው» ትልቅ ቃል አይደለም፣ ዕቃ ማጠብ አግዘኝ፣ ሶፋውን በዚያ በኩል ያዝልኝ የሚባልበት ነው። ሽንኩርት መክተፍ አግዢኝ እንደምንለው፣ በዚያው ድምፅ፣ መኖር አግዢኝ። የሷን ሱኪ እሱ አልሰማም፣ የሱን አግዢኝ ግን እሷ ሰማች። ለአንተ ጥያቄ መልሱ ይሄ ነው፣ ሌላ አትፈልግ ብላ ወጣች።

ምን ልበል። ርዕሱን ልቀይር ነበር፣ ሲስተሙ አያስቀይርም። ዕዳ የምትለውን ቃል አሁንም አልለቃትም፣ ግን የፍቅር አይደለም ያልኩትን አንስቻለሁ።

ክሩ እዚህ ይሞታል ስል ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ 41 መጣ። የ23 እህት ናት። ወንድሟ ክሩን ስላሳያት ሙሉውን አንብባዋለች። የፍርፍሯን ቀልድ አስቃኛለች አለች፣ ግን ስህተት አለባት፤ እኔ ፍቅር ስል የሚጠፋው ቅ ነው፣ ፍር ነው የሚወጣው፣ ፍርፍር እንዲሆን ሁለት ጊዜ ማለት አለብኝ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ አልልም አለች። ከዚያ ወንድሟ ላይ ዞረች። ሳይጠይቀኝ ስለኔ ተናዶ፣ ስለኔ ተሳድቦ፣ የባትሪዬን ጉዳይ ሳይቀር ለማያውቁን ሰዎች ዘርዝሮ ጨረሰ ነው ቅሬታዋ፣ ልክ ዩዙሩ ታላቅ እህቷን ሾኮን ልጠብቅ ብላ በር ላይ ቆማ ሾያን እንደምታባርረው። መጽሐፉን ከሦስተኛው ቅጽ በላይ አልገፋችበትም፣ ሾኮ ይቅርታ ማለት ስለምታበዛ ታናድዳታለች፣ አንድ ቀን እንኳ ሰው ላይ ብትጮህ እጨርሰው ነበር አለች። አራተኛው ላይ ትጮሃለች ወይ ብላ ጠይቃናለች።

42 ጠብቂ አላት። 43 ስፖይለር አትንገሩ ብሎ 42ን ተቆጣ። ወንድምየው እስካሁን አልመለሰም፣ አረንጓዴ መብራቱ ግን በርቷል።